ጓሮዬ ተጥሎ የቀረ ትሬለር፣ በህግ እንዴት ነው የማስወጣው? (ኪንግ ካውንቲ፣ ዋሽንግተን)

የስካይዌይ አባወራ

ሰላም ወገን። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ፣ የተጠራቀመ ነገር ነው። ያለነው ስካይዌይ ነው፣ ሲያትልና ሬንተን መሀል፣ የራሷ ከተማ አስተዳደር የላትም በቀጥታ ካውንቲው ስር ናት። ቤቱን ስንገዛ ጓሮው ሰፊ ነው ልጆች ይሮጡበታል፣ ጎመንና ቃሪያ እንተክልበታለን ብለን ነበር። የዛሬ ሶስት አመት ግድም በእድር የማውቀው ልጅ ደወለና ጋሼ ትሬለር በርካሽ አግኝቼ ገዛሁ፣ ፉድ ትራክ ላደርገው ነው፣ ማቆሚያ እስካገኝ አንድ ወር ብቻ ጓሮዎ ላቁመው አለኝ። እኔ እንደሆነ እምቢ የሚል አፍ አልፈጠረብኝም፣ እሺ አልኩ። ባለቤቴ ያን ቀን ያየችኝ አስተያየት እስከዛሬ አይረሳኝም።

አንዱ ወር አራት ሆነ። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይሰራ ነበር፣ አልጋውን ነቅሎ ጣለ፣ ጎኑን በመጋዝ ቆርጦ ትልቅ መስኮት አወጣለት፣ ምግብ ማቀበያ መሆኑ ነው። ከዛ ለሁለት ሳምንት ስራ ዳላስ ደርሼ ልምጣ ብሎ ሄደ፣ ይኸው ሄደ። ስልኩ አይሰራም። የቆረጠውን መስኮት በሰማያዊ ሸራ ሸፍኖት ነበር፣ የዚህ አገር ዝናብና ንፋስ ሸራውን በጫጨቀው፣ አሁን በዛ መስኮት ብላክቤሪ እሾሁ ገብቶ ከውስጥ እያደገ በጣራው መተንፈሻ ወጥቷል። አይጥ ሰፍሮበታል። ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንገቱን ብቅ እያረገ "ይሄ ነገር መቼ ነው የሚነሳው" ካለኝ ስንት ጊዜው።

ሁለት የብረት ገዢዎች ጋ ደወልኩ፣ ሁለቱም መጀመሪያ የጠየቁኝ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) አለህ ወይ ነው። አንድ ቶው (መኪና ጎታች) ድርጅት 1,800 ዶላር አለኝ፣ ለዛውም ወረቀት ካለህ። የሰው ንብረት ነውና መሰባበሩን ፈራሁ፣ ዝም ማለቱ ደግሞ ትዳሬን ሊበትን ነው። የምታውቁ እስቲ።

ሸገር ልጅ

ይቅርታ ከአዲስ አበባ ነው፣ ትሬለር ማለት ተሳቢ አይደል እንዴ? የሲኖትራክ ተሳቢ ጓሮ ውስጥ እንዴት አስገባኸው ሃሃሃ

የስካይዌይ አባወራ

ሃሃ አይ ወንድሜ፣ ይሄ በፒክአፕ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት ነው፣ ፈረንጆቹ ለሽርሽር ይዘውት የሚሄዱት፣ አልጋ ኪችን ሽንት ቤት ያለው። 24 ጫማ ነው። ተሳቢ ቢሆንማ ብረቱን ሸጬ እገላገል ነበር።

ሀይፋ ነኝ

እኛ ጋ ካራቫን ነው የሚባለው። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከመጣን በኋላ ብዙ ሰው ካራቫን ሰፈር ነበር የገባው፣ እኔም ልጅነቴ እዛ ነው፣ በጋ ላይ እንደ ምጣድ ነበር የሚግለው። እናቴ ይሄን ጽሁፍ ሳነብላት "እኛ ለምነን ያጣነውን አንዱ ጥሎት ሄደ" ብላ ሳቀች። ለጥያቄህ መልስ የለኝም ይቅናህ ብቻ ልበል።

ዝም አልልም

ምን ታስጨንቃለህ ራስህን። ማታ 2 ሰአት ላይ ፒክአፕ ያለው ጓደኛ ጥራ፣ ጎትተህ አንዱ ኢንዱስትሪ ሰፈር መንገድ ዳር አቁመው፣ ሲቲው መጥቶ በነፃ ያነሳዋል። ሲያትል ውስጥ ስንቱ ቆሞ የለ እንዴ።

ቶው ሹፌሩ

ኧረ ሰው አታስበላ። 11 አመት ቶው ነድቻለሁ ይሄን ምክር ሰምቶ የመጣ ሰው በአይኔ አይቻለሁ።

አንደኛ ሶስት አመት የቆመ ትሬለር ዝም ብሎ አይጎተትም። የጎማውን ጎን እየው፣ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፣ 2311 ካለ በ2011 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ጎማ ነው። ላዩ ደህና ይመስላል ጎኑ ተሰነጣጥቋል፣ ቤሪንጉም ግሪሱ ደርቋል፣ አውራ ጎዳና ላይ ጎማው ፈንድቶ ከኋላህ ያለ ሰው ላይ ቢሄድ ምን ልትል ነው። ሁለተኛ ካሜራ የሌለበት ቤት የት አለ ዛሬ። ያኔ ጣይው ልጁ መሆኑ ይቀርና አንተ ትሆናለህ። ዋሽንግተን ውስጥ ጀንክ (ቁርጥራጭ ብቻ የቀረው) የሆነ ተሽከርካሪ ንብረት ላይ መጣል ግሮስ ሚስዲሚነር የሚባል ወንጀል ነው፣ ጣሪያው 364 ቀን እስርና 5,000 ዶላር ነው። በዛ ላይ ለማንሳት የወጣውን ወጪ እጥፍ ያስከፍሉሃል።

በነፃ ያነሱታል የሚባለው ደግሞ ከመሬት ተነስቶ አይደለም፣ በ2018 የወጣ ህግ አለ፣ አርቪ (እንዳንተው ያለ የሽርሽር ተንቀሳቃሽ ቤት) ያለው ሰው ሁሉ ታርጋ ሲያሳድስ 6 ዶላር ይጨምራል፣ ብሩ የተጣለ አርቪ አንስተው ለሚያፈርሱ ቶዎችና ፍርስራሽ ቤቶች (መኪና አፍራሽ ድርጅቶች) ይከፈላል። ግን ከህዝብ ቦታ ለተነሳ ነው። ከግለሰብ ጓሮ ለተነሳ አንድ ሳንቲም የለም። ሰው ጎትቶ መንገድ ላይ የሚያወጣው ለዚህ ነው፣ ፖሊስም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይሄንኑ ነው።

ቶው ድርጅቶች ለምን እንደሚሸሹት ልንገርህ። መኪና ቢሆን ኢምፓውንድ አርገን ግቢያችን ይገባል፣ 120 ሰአት ሙሉ ቆይቶ ባለቤቱ ካልመጣ በህጉ አባንደንድ (ተጥሎ የቀረ) ይባላል፣ ሪፖርት አርገን ጨረታ እናወጣለን ወጪያችንን እናገኛለን። ትሬለር ግን እንጨት፣ ስፖንጅ፣ ቀጭን አልሙኒየም ነው፣ ብረት የሚባለው ከስር ያለው ፍሬም ብቻ ነው፣ ማፍረሻው ከሚሸጥበት ይበልጣል፣ ጨረታ ላይም ማንም አያየው። 1,800 የተባልከው ለዛ ነው፣ ሊዘርፉህ አይደለም።

እናት ከኤቨረት

ልጆቼ እኔ ህጉን አላውቅም። ግን አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል ነው ያደግነው። ልጁ ቢጠፋም እቃው አደራ ነው። ፖሊስ ከመጥራትህ በፊት በእድሩ ሊቀመንበር በኩል ሽማግሌ ላክበት፣ ዳላስ ስንት ሀበሻ አለ፣ ሰው አይጠፋም። ነገ አንድ ነገር ቢሆን "የሰው አገር ፖሊስ ጠርቶ ንብረቴን አስፈጀብኝ" ይልሃል፣ ስምህ ነው የሚጠፋው።

ዝም አልልም

እማማ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ አደራ ማለት ሰው እመለሳለሁ ብሎ የሰጠው ነው። ይሄ እኮ ጥሎት ነው የሄደው። ሶስት አመት የሰው ጓሮ ላይ አይጥ ማርባት አደራ ነው?

እናት ከኤቨረት

አንተ ደግሞ ማታ ጎትተህ ጣለው ያልከው አይደለህም? ዝም በል።

ዝም አልልም

እሺ እማማ።

የህግ ቢሮ ሰራተኛ

ጠበቃ አይደለሁም፣ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሰራው፣ ስለዚህ ይሄንን እንደ እህት ምክር ውሰደው። ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። ልጁ ኪራይ ይከፍልህ ነበር? እዛ ውስጥ አድሮ ያውቃል?

የምጠይቅህ ለወሬ አይደለም፣ መልሱ መንገዱን ይቀይረዋል። ተከራይህ ቢሆንና ወጥቶ እቃ ትቶ ቢሄድ የተከራይ ህግ ነው የሚገዛህ፣ እቃው ከ250 ዶላር በላይ ከሆነ ማስታወቂያ ልከህ 45 ቀን መጠበቅ አለብህ፣ ከዛ በታች ከሆነ 7 ቀን፣ የቤተሰብ ፎቶና የግል ወረቀት ደግሞ በ7 ቀኑ አይጣልም። ሰው እየኖረበት ከሆነማ ጭራሽ አትንካው፣ እሱ የማስወጣት ክስ ነው፣ ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። በ2021 የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሲያትል ከተማና ሎንግ በሚባል ሰው ክርክር ላይ ሰውየው የሚኖርበት መኪና እንደ መኖሪያ ቤት ጥበቃ አለው ብሏል። እሱ ከተማው የያዘው መኪና ነው ያንተ ጉዳይ አይደለም፣ ግን ፍርድ ቤቶቹ "ሰው ይኖርበታል" የሚባለውን እንዴት እንደሚያዩት ይነግርሃል።

የስካይዌይ አባወራ

ኪራይ የለም። አንድ ቀን ክትፎ ይዞልን መጥቷል፣ እሱ ኪራይ ከተባለ እንጃ። አድሮም አያውቅም፣ ቀን ቀን ብቻ ነበር።

ቨርጂኒያ ነኝ

እዚህ ቨርጂኒያ ቀላል ነው ዲኤምቪ (ታርጋና የመኪና ወረቀት የሚሰጠው መስሪያ ቤት) ሄደህ ጓሮዬ የተጣለ መኪና አለ ብለህ ትሞላለህ ባለቤቱን እነሱ ያጣራሉ ከዛ ላንተ ወረቀት ይሰጡሃል። ዲኤምቪ ሂድ በቃ።

የህግ ቢሮ ሰራተኛ

ወንድሜ እሱ የቨርጂኒያ ነው፣ እዚህ ዲኤምቪ የሚባል ነገርም የለም፣ ዲኦኤል ነው። የየስቴቱ ህግ ይለያያል፣ የሌላ ስቴት ምክር ይዞ የሚሄድ ሰው ነው ቢሯችን የሚመጣው።

አሁን ያንተን። ክትፎው ኪራይ አይደለም ሃሃ። ሁለት መንገድ አለህ። ትሬለሩ ደህና ቢሆን ኖሮ ፈቃዴን አንስቻለሁ ብለህ፣ የተመዘገበ ቶው ጠርተህ በፊርማህ ታስነሳው ነበር፣ መኖሪያ ቤት ግቢ ላይ ያለፈቃድ የቆመ ወዲያው ይነሳል። ግን ቶው ሹፌሩ እንዳለው ማንም አይፈልገውም። ስለዚህ ላንተ የሚሆነው የጀንክ አፊዴቪት (የቃለ መሀላ ወረቀት) መንገድ ነው፣ የዋሽንግተን ስቴት ህጉ አርሲደብሊው (RCW) 46.55.230 ነው፣ ቁጥሩን ጻፈው፣ ስልክ ስትደውል ቁጥሩን ስትጠራ አነጋገራቸው ይቀየራል።

አንድ ተሽከርካሪ ጀንክ የሚባለው ከአራት ነገር ሶስቱን ሲያሟላ ነው፣ ሶስት አመትና ከዛ በላይ እድሜ ያለው፣ ክፉኛ የተጎዳ ማለትም መስኮቱ የተሰበረ ጎማው የሌለ አይነት፣ ሲታይ የማይሰራ፣ ዋጋው ከቁርጥራጭ ብረቱ ዋጋ የማይበልጥ። ያንተው አራቱንም ያሟላል ባይ ነኝ። ግን ይሄን የምትወስነው አንተ አይደለህም። ፖሊስ ወይ ስልጣን የተሰጠው ሰው መጥቶ አይቶ ነው የሚፈርመው። ስካይዌይ ስለሆንክ የካውንቲው ሸሪፍ ነው፣ 911 እንዳትደውል፣ የአስቸኳይ ያልሆነው ቁጥር ላይ ነው። የመጣው ሰው ቪኑን (የተሽከርካሪውን መለያ ቁጥር) ይመዘግባል፣ ከዛ የባለቤቱን ስምና አድራሻ ይሰጥሃል። አንተ ራስህ ዲኦኤል ሄደህ የሰው አድራሻ ስጡኝ ብትል አይሰጡህም፣ በ1994 የወጣ የፌደራል ህግ ይከለክላል።

ስሙን ስታገኝ በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ በሚመዘገብ ፖስታ) ደብዳቤ ትልካለህ፣ ሁለት ሰው ጋ፣ ሬጂስተርድ ኦነር (ታርጋው በስሙ የተመዘገበው) እና ሊጋል ኦነር። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሊጋል ኦነር ማለት ብዙ ጊዜ ያበደረው ባንክ ነው፣ እሱን ከዘለልከው ነገ ባንኩ ንብረቴ የት አለ ይልሃል። ከላክህበት ቀን ጀምሮ ከ15 ቀን በላይ ማንም ካልመጣ ማስወገድ ትችላለህ፣ ወይ የሽያጭ አፊዴቪት ትፈርማለህ፣ እሱ ለገዢው እንደ ታይትል ያገለግላል። መዝገቡ ላይ ጭራሽ ባለቤት ከሌለ ደግሞ 15 ቀኑም የለም ወዲያው ነው። ለነገሩ ባለቤት ብቻ አይደለም፣ ቦታውን በእጁ የያዘ ተከራይም ይሄን ማድረግ ይችላል፣ ህጉ ለሱም ይሰራል።

እና እናታችን ያሉትን አትናቀው። ለልጁ በጽሁፍ ንገረው። ፈቃዴን አንስቻለሁ፣ እስከዚህ ቀን ካልወሰድክ በህጉ መሰረት አስወግዳለሁ በል። ቀን ጻፍ። "ቶሎ ና" ቀን አይደለም።

የስካይዌይ አባወራ

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። አንድ የሚያስፈራኝ፣ ሸሪፍ ስጠራ እኔው ላይ ኬዝ ቢከፈትስ? ግቢህን አቆሽሸሃል ብለው?

የህግ ቢሮ ሰራተኛ

ግቢህ ላይ ላለ ነገር ካውንቲው አንተን እንደሚጠይቅ ሀቅ ነው፣ ልዋሽህ አልችልም። ግን ጎረቤትህ ቀድሞ ኮድ ኢንፎርስመንት (የካውንቲው ደንብ አስከባሪ) ጋ ከሚደውል አንተ ቀድመህ ላስወግድ ነው ብለህ ብትደውል ይሻልሃል። የሰራኸውን ሁሉ በቀን በቀኑ ጻፍ፣ ፎቶ አንሳ።

የስካይዌይ አባወራ — ከሁለት ሳምንት በኋላ

የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልንገራችሁ። የእድሩ ሊቀመንበር በሶስት ቀን ውስጥ የልጁን የአክስት ልጅ አገኘው፣ አዲሱን ስልክ ሰጠን። ደወልኩ፣ አነሳ። ድምፄን ሲሰማ ዝም አለ ከዛ "ጋሼ ይቅርታ አፈርኩ ለዛ ነው ያልደወልኩት፣ በቅርቡ እመጣለሁ፣ አደራ እንዳይነካብኝ" አለኝ። በቅርቡ መቼ ነው ስለው "እንግዲህ እግዜር ሲል"። እኔም አንጀቴ ራርቶ ልዘጋው ስል ባለቤቴ ከጎኔ ሆና "ቀን!" አለች ጮክ ብላ። በቴክስት ላክሁለት፣ እስከ ኖቬምበር 30፣ የሀበሻው ህዳር 30 መስሎኝ እንዳይል ደግሞ በፈረንጁ ቁጥር ጻፍኩት። አይቶታል። ምንም አላለም።

እናት ከኤቨረት

ተባረክ። አሁን ያንተ ድርሻ አለቀ።

የስካይዌይ አባወራ — ዲሴምበር

ቀኑ አለፈ፣ ሸሪፍ ጠራሁ፣ ከአምስት ቀን በኋላ አንዲት ዴፒዩቲ (የሸሪፍ ፖሊስ) መጣች። በነገራችን ላይ ከመምጣቷ በፊት ያለው ታሪክ ለብቻው ነው። ቪኑ ይታይ ተብሎ የለ፣ በግራ በኩል ከፊት መለጠፍ የነበረበት ወረቀት ተልጦ የለም። ቶው ሹፌሩን በውስጥ መስመር ጠየቅሁት፣ መጎተቻው ብረት ላይ ተቀርጾ ይኖራል አለኝ። ግማሽ ቀን ብላክቤሪ ስቆርጥ ዋልኩ፣ እጄ እስካሁን ተቧጥሯል፣ ብረቱ ጋ ስደርስ ዝገት ብቻ ነው። በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት፣ ምንም። የልጄን ጠመኔ አምጥቼ በጎኑ አሸሁበት፣ ነጩ ከተቀረጸው ውጪ ያለው ላይ ቀርቶ ቁጥሩ አንድ በአንድ መታየት ጀመረ። 17። ልጄ ቆጠረልኝ።

ዴፒዩቲዋ በአስር ደቂቃ ጨረሰች። መስኮቱን አየች፣ ጎማውን በጫማዋ ገፋ አረገችው፣ ፎቶ አነሳች፣ ውስጡን በባትሪ አብርታ አየችና "ራኩን አለ እንዴ" ብላ ሳቀች። ፈረመችልኝ። ስሙን ስትሰጠኝ ግን ደነገጥኩ፣ ልጁ አይደለም። አንድ ሞንሮ የሚኖር ሰውዬ ነው፣ ሊጋል ኦነር ላይ ደግሞ አንድ ክሬዲት ዩኒየን (የቁጠባና ብድር ማህበር) አለ።

ቶው ሹፌሩ

ጠርጥሬ ነበር። ልጁ በካሽ ገዝቶ ስም አላዞረም። አስሩ ትሬለር ላይ ዘጠኙ እንደዚህ ነው።

የህግ ቢሮ ሰራተኛ

አትደንግጥ፣ ደብዳቤው ለሁለቱ ይሄዳል። ለልጁም ቅጂውን ላክለት፣ መዝገቡ ላይ ባይኖርም። አረንጓዴዋን ካርድ እንዳትረሳ፣ ተቀባዩ የሚፈርምባት። ደብዳቤው ላይ ትሬለሩ የት እንዳለ፣ እንዴት መጥተው መውሰድ እንደሚችሉ፣ በማን ስልክ ጻፍ፣ መብታቸው ስለሆነ መጠቀስ አለበት።

የስካይዌይ አባወራ — ከአስር ቀን በኋላ

የሞንሮው ሰውዬ ደወለ። ሽማግሌ ነው፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ደብዳቤው እጁ ላይ ነው። "እኔ እኮ ሸጬዋለሁ፣ አንድ ትሁት የሆነ ወጣት ነው የገዛኝ፣ ታይትሉን ሌላ ቀን እወስዳለሁ ብሎ አልመጣም፣ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው" ይለኛል። ሊታሰር የመሰለው ሰው ነው የሚመስለው። አረጋጋሁት። ታይትሉን ፈርሜ ልላክልህ፣ ያንተ ይሁን አለኝ። ልቀበል?

የህግ ቢሮ ሰራተኛ

አትቀበል! ሸጦታል ካለ የሱ አይደለም፣ የሱ ያልሆነ ነገር ሊሰጥህ አይችልም። ባንተ ስም ከዞረ ደግሞ ትሬለሩ ያንተ ነው፣ ታርጋውም ጣጣውም። ከፈለገ እዛ ንብረት ላይ ጥያቄ የለኝም የሚል የኖታሪ ወረቀት ይስጥህ፣ ፋይልህ ውስጥ ይቀመጥ። የያዝከው መንገድ ብቻውን ይበቃሃል፣ 15 ቀኑን ጨርስ።

እግረ መንገዴን ለሁላችሁም፣ መኪና ስትሸጡ በ5 የስራ ቀን ውስጥ ሪፖርት ኦፍ ሴል (ሸጫለሁ የሚል ማሳወቂያ) ለዲኦኤል አስገቡ። በኦንላይን ነው። ይሄ ሽማግሌ ያን ቢያደርግ ኖሮ ደብዳቤው እሱ ቤት አይሄድም ነበር።

ዝም አልልም

ኧረ እኔ ኮሮላዬን የሸጥኩት ለማላውቀው ሰው ነው... ዛሬውኑ ልግባ

ቶው ሹፌሩ

15 ቀኑ ሲያልቅ ንገረኝ፣ ፈቃድ ያለው ፍርስራሽ ቤት አውቃለሁ። አንተ ቀድመህ ካቀለልከው ዋጋው ይወርዳል። ግን እጅህን ከማስገባትህ በፊት ስማኝ። የጋዝ ሲሊንደሮቹን ዝጋና ንቀል፣ ፕሮፔን ስለሆነ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥል፣ ጋዝ የሚሸጡት ጋ ውሰድ። ባትሪውን አውጣ። ሽንት ቤቱ ተጠቅመውበት ከሆነ ታንኩ ሙሉ ነው፣ እሱ መሬት ላይ አይደፋም፣ ዳምፕ ስቴሽን (የትሬለር ፍሳሽ መድፊያ ቦታ) ነው።

ፍሪጁ ደግሞ የቤት ፍሪጅ አይነት አይደለም። በጋዝ የሚሰራው የትሬለር ፍሪጅ ውስጡ አሞንያ ነው ያለው። ከኋላው ቱቦው ላይ ቢጫ ዱቄት ካየህ አፍስሷል ማለት ነው፣ ያ ቢጫ ነገር ሶዲየም ክሮሜት ነው፣ መርዝ ነው፣ በባዶ እጅህ አትንካው ልጆችህን አታስጠጋ። እንዳለ ለባለሙያው ተወው።

የስካይዌይ አባወራ

ባትሪ ብርሃን አበራሁ፣ ቢጫው አለ። ጭራሽ አልነካውም። ሽንት ቤቱን ግን ማንም አልተጠቀመበትም ተመስገን።

የስካይዌይ አባወራ — ጃንዋሪ

ወጣ!! ክሬዲት ዩኒየኑ ካርዱ ላይ ፈርሞ መለሰ፣ ከዛ ውጪ ምንም አላለም። የሽማግሌው ኖታሪ ወረቀት መጣ። 15 ቀን ብዬ አላቆምኩም 20 ቀን ጠበቅሁ፣ ከዛ ቶው ሹፌሩ ያገናኘኝ ሰዎች ፍላትቤድ (ጀርባው ጠፍጣፋ የጭነት መኪና) ይዘው መጡ። እንዳሰብኩት በጎማው አልወጣም፣ በዊንች እየጎተቱ እንጨት እየደረደሩ ሁለት ሰአት ፈጀ፣ የአጥሬን አንድ ክፍል አፍርሼ መልሻለሁ። 1,300 ዶላር ከፈልኩ። የተጣለበት ቦታ ሳሩ የለም፣ ሶስት አመት ጸሀይ ያላየ አራት ማዕዘን መሬት፣ ትሎች ብቻ።

የማስወጣቱ ቀን ማለዳ ውስጡን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። መሳቢያ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለች ጀበና አገኘሁ፣ ስድስት ሲኒ፣ አንዷ እጀታዋ የለም። ከስሯ ደብተር፣ እርጥበት በልቶት ገጹ ተጣብቋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሜኑ ጽፏል በእጁ፣ ሽሮ 9፣ በያይነቱ 12፣ ጥብስ 14 ሰርዞ 13፣ ቡና ከቄጠማ ጋር ነፃ። ቡናው ነፃ ያለው ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከስር የሊዝ፣ የጤና ፈቃድ፣ የጄኔሬተር እያለ የደመረው አለ፣ ድምሩ ጋ ሲደርስ ሰርዞታል፣ እንደገና ደምሯል፣ እንደገና ሰርዟል። እዛ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ፣ ሲናደድ የከረመ ሆዴ ምን እንደሚል ጠፋው።

ጀበናዋንና ሲኒዎቹን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። በአንድ ደቂቃ መለሰ። "ጋሼ ጀበናዋ የእናቴ ናት፣ ያስቀምጡልኝ።"

እናት ከኤቨረት

ይቺ ናት አደራ ልጄ። በደንብ ጠቅልለህ አስቀምጥለት።

ዝም አልልም

1,300ውን ግን አስከፍለው። እህት በህጉ አያስከፍለውም?

የህግ ቢሮ ሰራተኛ

ተከሶ ጥፋተኛ ከተባለ ፍርድ ቤቱ የማንሻውን እጥፍ ያስከፍለዋል፣ ግማሹ ለባለመሬቱ ነው። ማለት 1,300 ዶላር ከወጣ 2,600 ይከፍላል፣ 1,300ው ለስካይዌዩ ይመለሳል፣ የቀረው ለፖሊስ መስሪያ ቤቱ ነው። መጠየቅ አለመጠየቁ ግን የሱ ነው።

የስካይዌይ አባወራ

ባለቤቴ ጠይቅ ትላለች። እኔ እስካሁን አልደወልኩም። ጀበናዋ ኪችናችን መደርደሪያ ላይ ናት፣ ትናንት ማታ ባለቤቴ ሳላያት አጥባታለች።

ከንት ነኝ

ሰላም እኔ አዲስ ነኝ እዚህ፣ ሙሉውን አነበብኩት። የኔ ግቢ ደግሞ ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ጀልባ ጥሎ ሄዷል፣ ለጀልባም ይሰራል ይሄ?

የህግ ቢሮ ሰራተኛ

ጀልባ ሌላ ህግ ነው። የቆመበት ትሬለር አለው? ታርጋ አለው? ፎቶ አንሳና አዲስ ጥያቄ ክፈት።